ያልተነካካ የአበባ ፎቶግራፍና የሚጠቅም አስተያየት

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በለቡ፣ በጀሞና በሃና ማርያም በኩል የሚያልፍ ሰው ገና ቤት ያልተሠራባቸውን ቦታዎች፣ የወንዝ ዳርቻዎችንና የአጥር ሥሮችን ቢጫ ለብሰው ያገኛቸዋል። ካሜራ ያለው ካሜራውን፣ ስልክ የያዘም ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ምስሎችን ሳያነሳ አያልፍም። ፎቶግራፉ በዚያው ዕለት ለዘመድ ወዳጅ ይታያል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «በጣም ያምራል!»

ቃሉ ደስ ያሰኛል። ሆኖም አንሺው ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ተክሉ ማንነት ቀድሞ ያላወቀውን አንድም ነገር አይነግረውም። በኮምፒዩተር ቀለሙ የደመቀ፣ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ጀርባው የደበዘዘ ፎቶግራፍ ለሚያውቅ ሰው ቢታይም ውጤቱ ከዚህ ብዙም አይሻልም፤ ምክንያቱም ባለሙያው ጉድለቱ ከብርሃኑ ይምጣ፣ ከካሜራው ይምጣ ወይም በኋላ ከተደረገው ማስተካከያ ይምጣ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ለመሆኑ አንድ ተማሪ ያነሳውን የአበባ ምስል ሳይነካካ አቅርቦ የሚረባ አስተያየት የሚያገኘው እንዴት ነው? ጥያቄው የፎቶግራፍ ጥበብ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊዚክስም፣ ከሥነ ሕይወትም፣ ከምርምር ሥነ ምግባርም ጋር የተያያዘ ነው።

አደይ ናት ወይስ መጭ?

በመጀመሪያ ከአበባዋ እንነሣ። አደይ አበባ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው በሳይንሱ አጠራር ባይደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚገኙ ከአንድ በላይ የሆኑ ዝርያዎችን ነው። ከእነዚህ መካከል ይበልጥ የታወቀችው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ናት። ተክሏ ቀደም ሲል ኮርዮፕሲስ በተባለ ሌላ ወገን ውስጥ ተመድባ የነበረች ሲሆን፣ ወደ ባይደንስ ያዛወሯት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው። አደይ የምትገኝበትን የአስቴራሴ ቤተሰብ የሚመለከተውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ክፍል ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። ፍሎራው እ.ኤ.አ. በ1980 በተጀመረ ፕሮጀክት በስምንት ጥራዞች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዟል።

አሁን ወደ ስሙ ትርጉም ስንመጣ ለፎቶግራፍ አንሺው አንድ ትልቅ ምክር ተደብቆ እናገኛለን። «ባይደንስ» ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ በብዙዎቹ የወገኑ ዝርያዎች ፍሬ ጫፍ ላይ የሚታዩትን ሁለት ሹል ነገሮች ያመለክታል። «ማክሮፕቴራ» ደግሞ ባለትልቅ ክንፍ እንደ ማለት ሲሆን፣ ክንፉ የሚገኘው በፍሬዋ ጠርዝ ላይ ነው። ጥርሱም ክንፉም ከፍሬው ላይ እንጂ ከቢጫው አበባ ላይ አይደሉም! በየመስከረሙ ከሚነሱት የአደይ ፎቶግራፎች ግን ስንቶቹ ፍሬ ያሳያሉ? ሁሉም የሚያነሳው የአበባዋን ፊት፣ ያውም ከላይ ወደ ታች ሆኖ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ምስሉን ተመልክቶ «ባይደንስ ትመስላለች፣ ከዚያ በላይ ለመናገር ያስቸግራል» ቢል ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ነገሩን የሚያወሳስቡ ዘመዶችም አሏት። ኑግ ከዚሁ ከአስቴራሴ ቤተሰብ ነው፤ በየመንገዱ ዳርና በየማሳው እንደ አረም የሚበቅለው መጭም የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም አደይ በምታብብበት ወቅት ያብባሉ። በርቀት የተነሳ ምስል ላይ ሦስቱን መለየት የሚቻለው በቅጠል ነው፤ የአደይ ቅጠል በአብዛኛው እስከ መሐሉ ድረስ የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ የኑግና የመጭ ቅጠል ግን ያልተሰነጠቀና ከሥሩ ግንዱን ያቀፈ ነው። አበባዋ ጎልታ እንድትታይ ተብሎ ቅጠሉ የተቆረጠበት ወይም ጀርባው በሶፍትዌር የደበዘዘበት ፎቶግራፍ እንግዲህ ያስቀረው ውበቱን፣ የጣለው ደግሞ መታወቂያውን ነው። አደይ ተብለው በፍሬም ተሰቅለው ከሚታዩት ምስሎች መካከል ጥቂት የማይባሉት መጭ ቢሆኑ አይገርመኝም።

ቢጫው የት ሄደ?

ተክሏን ለጊዜው ትተን ወደ ብርሃኑ እንለፍ። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ነው። መስከረም 13 ቀን አካባቢ ፀሐይ በምድር ወገብ ትክክል ስለምትሆን፣ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 81 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ከአናታችን በላይ ትገኛለች ማለት ነው። በዚህ ሰዓት የተነሳ አበባ ከላይ የነደደ፣ ከሥሩ ደግሞ የጠቆረ ይሆናል። ደመና ሲጋርዳት ግን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላው ይለዝባል፤ ለአበባ ፎቶግራፍ ከጠራ ሰማይ ይልቅ ደመናማው የመስከረም ጠዋት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን የካሜራው ግምት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። አንዲት ቢጫ አበባ ጥቁር አረንጓዴ ሣር መሐል ቆማ ከሆነ፣ የምስሉ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ስለሆነ መለኪያው ብርሃን የጎደለ መስሎት ተጨማሪ ብርሃን ያስገባል። ሣሩ በደንብ ይታያል፤ አበባዋ ግን ትቃጠላለች።

ቢጫ ሲቃጠል እንደ ነጭ በግልጽ አያስታውቅም። በዲጂታል ምስል ውስጥ ቢጫ የሚባለው ብዙ ቀይ፣ ብዙ አረንጓዴና ጥቂት ሰማያዊ ተደባልቀው ነው። እያንዳንዱ ቀለም በተለመደው የጄፔግ ፋይል ውስጥ ከ0 እስከ 255 ባሉት 256 ደረጃዎች ይለካል። በወርቃማ ቢጫ አበባ ላይ ብርሃን ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ቀዩ ቀድሞ 255 ላይ ይደርስና ይቆማል፤ አረንጓዴው ግን ገና መውጣቱን አላቆመም። በመሆኑም ወርቃማው ቢጫ ወደ ሎሚ ቢጫነት ይለወጣል፤ በአበባዋ ቅጠሎች ላይ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮችም ተውጠው ይጠፋሉ። ተማሪው ቤቱ ገብቶ ምስሉን ሲመለከት «ቀለሙ ፈዟል» ብሎ ያስባል፤ ሶፍትዌሩን ከፍቶ ቀለሙን ያደምቀዋል። የጠፉት መስመሮች ግን አይመለሱም፤ ያልተመዘገበ ነገር በማድመቅ አይገኝም። ከዚህ በኋላ ምስሉ ለአስተያየት ቢቀርብ፣ ተመልካቹ ማወቅ የሚችለው ቢጫው ከልክ ማለፉን ብቻ ነው። ያልተነካካውን ቢያይ ኖሮ «ብርሃኑን በአንድ እርከን ቀንሰህ አንሳ፤ ወይም መለኪያውን አበባዋ ላይ ብቻ አነጣጥረህ ለካ» የሚል በሚቀጥለው ጠዋት የሚሠራ ምክር ይሰጥ ነበር።

«ያልተነካካ» ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ «ካሜራውስ ራሱ አይነካካም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የካሜራ መዳሰሻ ገጽ ቀለም አያውቅም፤ የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለም እንዲለይ የሚያስችለው በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ የተለጠፈ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ነው። ይህን አደራደር የፈለሰፈው የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በአደራደሩ መሠረት ከፒክሰሎቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ የቀረው ሩብ ደግሞ ሰማያዊ ማጣሪያ አላቸው። እያንዳንዱ ፒክሰል አንዱን ቀለም ብቻ ስለሚለካ ሁለቱን ከጎረቤቶቹ ተነሥቶ በስሌት ይሞላል። ስለሆነም በዚህ አደራደር በተነሳ ባለቀለም ዲጂታል ፎቶግራፍ ውስጥ ካሉት የቀለም ቁጥሮች ሁለት ሦስተኛው በግምት የተሞላ ነው።

ካሜራው በዚህ አያበቃም። ነጩን ነጭ ለማስመሰል ቀለሞቹን ያመዛዝናል፣ ጠርዞችን ያሰላል፣ ንጽጽሩን ይጨምራል፣ በመጨረሻም ፋይሉ እንዲያንስ ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ዝርዝር አውጥቶ ይጥላል። የዛሬ ስልኮች ደግሞ ከዚህ አልፈው በተከታታይ የተነሱ ብዙ ምስሎችን ወደ አንድ ያዋህዳሉ። ስለዚህ ማንም ሰው ጣቱን ሳያሳርፍበት የተገኘ ጄፔግ ያልተነካካ ነው ማለት አይቻልም፤ የነካካው ፋብሪካው ነው።

ለእውነቱ የሚቀርበው ጥሬ ፋይል የሚባለው ነው። በጥሬ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ፒክሰል የለካው ቁጥር ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቀመጣል፤ ደረጃዎቹም በ12 ቢት 4,096፣ በ14 ቢት ደግሞ 16,384 ይሆናሉ። እንዲሁ ሲታይ የደበዘዘና ሕይወት የሌለው ይመስላል፤ ብዙ ተማሪዎች ለሰው ለማሳየት የሚያፍሩትም ለዚህ ነው። ሆኖም ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው ተኳኩሎ አይመጣም። ጥሬ ፋይል የማያወጣ ስልክ ያለው ሰውም ቢሆን የመጀመሪያውን ምስል ሳይደመስስ ማስቀመጥ፣ ማስተካከያውን በቅጂው ላይ ማድረግና ያደረገውን መናገር ይችላል።

የቀለም ነገር ከተነሣ ላይቀር፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የሚያብበውን ጃካራንዳ ያነሳ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቅሬታ አለ፤ ዓይናችን የሚያየው ሐምራዊ ምስሉ ላይ ሌላ ይሆናል። ከዲጂታል በፊት በነበረው የፊልም ዘመን ጭምር አንዳንድ ሰማያዊና ሐምራዊ አበቦች ፎቶግራፍ ላይ ሮዝ ሆነው ይወጡ ነበር። ምክንያቱ አበቦቹ ዓይናችን እምብዛም የማያየውን ከቀይ ጫፍ ያለ ብርሃን አብዝተው ማንጸባረቃቸውና ፊልሙ ግን ያንን ብርሃን መመዝገቡ ነበር። በዲጂታል ካሜራ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ማጣሪያ አለ፤ ይሁን እንጂ የካሜራው ቀለም አለያየት ከዓይናችን ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም። መፍትሔው ከአበባው ጎን ቀለሙ የታወቀ ነገር አብሮ ማንሳት ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ግን አይመከርም፤ ነጭነቱን ለማጉላት የሚጨመርበት ኬሚካል አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ አልትራቫዮሌት አይጠፋም። ለፎቶግራፍ የተዘጋጀ ግራጫ ካርድ ቢገኝ ይመረጣል።

ይሉኝታና ጥያቄ

ምስሉ ሳይነካካ ቀረበ እንበል። አሁን የሚቀረው ሰው ነው። በባህላችን ወጣት ያመጣውን ሥራ ፊት ለፊት መንቀፍ ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። «እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ጎበዝ፣ በርታ!» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? እንዲህ ያለው ጥያቄ ገና ሲወጣ መልሱን ይዞ ነው የሚወጣው። በእኔ አስተያየት በሀገራችን የሚጠቅም አስተያየት የጠፋው የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ አይደለም፤ ለሚያውቀው ሰው በር የሚከፍት ጥያቄ ስለማናቀርብ ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በለቡ ወንዝ ዳር ያነሳቻቸውን ምስሎች ይዛ አንድ የዕፅዋት ባለሙያ ዘንድ ቀረበች ብለን እናስብ። «ይህቺ አደይ መሆኗን በቅጠሏ ለመለየት ሞክሬያለሁ፤ ለዝርያዋ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚህ ምስል ላይ ምን እንደጎደለ ቢነግሩኝ?» ብትላቸው፣ ባለሙያው ከይሉኝታ ነፃ ወጡ ማለት ነው፤ ጉድለት እንዲናገሩ ተጠይቀዋልና። «የአበባዋን ጀርባ አንስተሻል? ከሥሯ የሚያቅፏትን አረንጓዴ ቅጠሎች ልያቸው። ቁመቷ ስንት ነው? ማስመሪያ አጠገቧ ብታደርጊ ኖሮ ጥሩ ነበር። ፍሬዋስ?» ይሏታል። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ወደ ሜዳ ተመልሳ የምትሠራው ሥራ ነው። ይህንኑ ምስል ወደ ፎቶግራፍ ባለሙያ ወስዳ «ዝርዝሩ የጠፋው የትኛው ቅጠል ላይ ነው?» ብትል ደግሞ መልሱ ሌላ ይሆናል፤ እሱ ስለ ክንፍና ስለ ጥርስ ግድ የለውም። ሁለቱን አስተያየቶች አለማደባለቅ ያስፈልጋል። ለዕፅዋት ባለሙያው እጅግ ጠቃሚ የሆነ ምስል ለፎቶግራፍ አንሺው አስቀያሚ ሊሆን ይችላል።

ቡገንቪላን እንውሰድ። በየግቢው አጥር ላይ የሚንጠለጠለው ደማቅ ሐምራዊ ነገር አበባ ሳይሆን ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመሐሉ ያለው ትንሽና ነጣ ያለ ቱቦ ነው። ውበት የሚፈልግ ሐምራዊው ላይ ያተኩራል፤ ሥነ ሕይወት የሚያጠና ግን ያቺ ትንሽ ቱቦ ጠርታ ካልታየችው አበባ ተነሥቷል አይልም።

ለምን ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል?

ከአበባ ፎቶግራፍ ወደ ቤተ ሙከራ መንገዱ አጭር ነው። «ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ» የተባለው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለኅትመት የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች መመርመር ጀመረ። የመጽሔቱ አዘጋጆች እንደገለጹት፣ ከጽሑፎቹ ወደ 25 በመቶ የሚጠጉት ተገቢ ባልሆነ መንገድ በመነካካቱ እንደገና መዘጋጀት የነበረበት ቢያንስ አንድ ምስል ነበራቸው። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማጭበርበር የተገኘባቸው 1 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ተመራማሪዎች «ትንሽ ላሳምረው» ያሉ ሰዎች ናቸው። መጽሔቱ የመጀመሪያውን ፋይል ይጠይቅ ነበር፤ ልምዱን በተማሪነት ያላዳበረ ሰው ሲጠየቅ ከየት ያመጣዋል?

በሀገራችን ዕፅዋት ታሪክም ከምስል ላይ የተደመሰሰ ነገር አለ፤ የሠሪው ስም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የኮሶን ዛፍ ጨምሮ ብዙ ዕፅዋትን በጥንቃቄ ስሎ እዚሁ ጎንደር ሞተ፤ ብሩስ ግን ሥዕሎቹን እንደራሱ ሥራ አድርጎ አቀረባቸው። ሥራው የባሉጋኒ መሆኑ በዝርዝር የተመሠከረለት ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በተመራማሪዎች ነው። ይህን ማድረግ የተቻለውም የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎችና ማስታወሻዎች ሳይጠፉ በመቆየታቸው ነበር።

ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ደግሞ ጉዳዩ የቅርብ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሠራታቸው በፊት ጀሞ የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬም በክፍለ ከተማው ዳርቻ ባዶ ቦታ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀኑ፣ ቦታውና ከፍታው የተመዘገበለት ያልተነካካ ምስል አንዲት ተክል በዚያ ዓመት በዚያ ቦታ እንደነበረች ይመሰክራል። ሶፍትዌር አንዳንድ ጊዜ ፋይሉን እንደገና ሲያስቀምጥ ቀኑንና የካሜራውን መረጃ አብሮ ያጠፋዋል፤ ምስሉ ሲያምር ምስክርነቱ ይጠፋል። አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም በደረቁ ናሙናዎቹ ላይ የሰብሳቢውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን የሚጽፈው ለከንቱ አይደለም።

ምንም እንኳ ያልተነካካ ቢሆን ምስሉ የሰው ዓይን ምስል መሆኑን አለመርሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦች ቀለም እንደሚለዩ በሙከራ አሳይቷል፤ ንቦች ቀይን አያዩም፣ አልትራቫዮሌትን ግን ያያሉ። ከአደይ ቤተሰብ በሆኑ ብዙ ቢጫ አበቦች ላይ የዙሪያው ቅጠሎች ጫፍ አልትራቫዮሌትን ሲያንጸባርቅ ሥራቸው ግን ይውጠዋል። ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆነው ለንቧ መሐሉ የጠቆረ ዒላማ ነው። የካሜራው ሌንስና ማጣሪያ ይህን ጨረር ስለሚያግዱት ጥሬ ፋይሉም ላይ አይገኝም።

የመስከረም ምስሎች ከተሰበሰቡ በኋላ የሚቀረው የፍሬው ነገር ነው። አበባዋ ስትረግፍ ፍሬው መጥቆር ይጀምራል፤ ክንፉን ለማየት ወደዚያው ቦታ፣ ወደዚያችው ተክል መመለስ ያስፈልጋል። ቢጫው ከረገፈ በኋላ ደግሞ አንዷን ከሌላዋ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ፎቶግራፍ በተነሳችው ተክል ግንድ ላይ በመስከረም አንድ ቀይ ክር ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል፤ በጥቅምት ሣሩ ሲደርቅ ከሩቅ ይታያል።